ስለ ኔልሰኑ ሁለገብ ተጫዋች፦ በብሪታኒያ ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራትና ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የማኅበር አመራሮች፣ የቅዳሜ ትምህርት ቤት መምህራንና ወላጆች፤

ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ።

ኦክቶበር በመጣ ቁጥር እዚህ አገር የጥቁሮች ታሪክ ወር ይከበራል። እናንተም አዳራሽ ትለምናላችሁ፣ ድፎ ዳቦ ታስጋግራላችሁ፣ ልጆቹን መዝሙርና ግጥም ታለማምዳላችሁ። ግድግዳው ላይ ፎቶ ይሰቀላል። አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አሉ። አበበ ቢቂላ አለ። ማንዴላና ማርቲን ሉተር ኪንግም አይቀሩም። ጃንሆይ ባዝ ከተማ ያሳለፉት የስደት ዘመን አልፎ አልፎ ይነሳል። ይህን ሁሉ የምታደርጉት ከሥራ መልስ፣ ከኪሳችሁ እያወጣችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልን።

ዘንድሮ አንድ ሰው እንድትጨምሩ ልለምናችሁ ነው።

ሊሪ ኮንስታንታይን ይባላል። የካሪቢያኗ ደሴት የትሪኒዳድ ልጅ ነው። ሙያው ክሪኬት ነበር። ከ1929 እስከ 1937 (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ላንክሻየር ውስጥ ኔልሰን በምትባል ትንሽ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ፣ ለከተማዋ ክለብ ተጫውቷል። ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። በ1969 በብሪታኒያ የሎርድነት ማዕረግ ያገኘው የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። ትምህርት ቤቶች ሲያነሱት ከዚህ ይጀምሩና እዚሁ ይጨርሳሉ። ክሪኬቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል።

እኔ ደግሞ ልጆቻችን በደንብ ማወቅ ያለባቸው ያንን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፈውን ዘመን ነው ባይ ነኝ። ማዕረጉ የመጣው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነው። ሰውየው የተሠራው ግን አንድ የሰፈር ክለብ ውስጥ፣ በየቅዳሜው፣ ከሸማኔዎች ጋር እየተጫወተ ነው።

ክሪኬት ሲባል ብዙዎቻችን ቻናል እንቀይራለን። ነጭ የለበሱ ሰዎች ሜዳ ላይ ቆመው ሲውሉ ምን እንደሚጠብቁ ግራ ይገባናል። ነገሩ ግን ያን ያህል አይከብድም። አንዱ ቡድን ይመታል፣ ሌላው ይወረውራል። ወርዋሪው ከመቺው ጀርባ የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች በኳስ ለመጣል ይታገላል። መቺው እንጨቶቹን እየተከላከለ ኳሷን አርቆ ይመታና ይሮጣል። ሩጫው ራን ተብሎ ይቆጠርለታል። መቺውን ከጨዋታ ማስወጣት ዊኬት ማግኘት ይባላል። የተመታች ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበችም መቺው ይወጣል። ልጅ ሆኖ ገና የተጫወተ ሰው ሩርና ዱላ ሲገናኙ ክንድ ላይ የሚሰማውን ያውቃል፤ ክሪኬትም ያው ደስታ አለው።

አብዛኛው ተጫዋች ወይ መቺ ነው ወይ ወርዋሪ። ሁለቱንም አጣምሮ የያዘ ብርቅ ነው። ሁለገብ የሚባለው እሱ ነው። ኮንስታንታይን ሁለቱንም ይዟል። ኳስ አሳድዶ በመቅለብና በመመለስ ደግሞ በዘመኑ እኩያ ያልተገኘለት ሰው ነበር። በዓይናቸው ያዩት ሰዎች ከምቱም ከውርወራውም አስበልጠው የሚያወሩት ይህንኑ ነው።

የተወለደው በ1901 ነው፣ ትሪኒዳድ ውስጥ ፔቲት ቫሊ በሚባል መንደር። አባቱ በካካዎ እርሻ ላይ የሠራተኞች አለቃ ነበር። እናቱ የባሪያዎች ልጅ ነች። አያቶቹ ተሸጠው የተገዙ ሰዎች ማለት ነው፤ ይህን ያህል ቅርብ ነው። ቤቱ ግን የክሪኬት ቤት ነበር። አባቱ ሌብረን ከዌስት ኢንዲስ (በእንግሊዝ ሥር ከነበሩ የካሪቢያን አገሮች የጋራ) ቡድን ጋር ሁለት ጊዜ እንግሊዝ ድረስ መጥቶ ተጫውቷል። በ1900 ለንደን፣ ሎርድስ በሚባለው ዝነኛ ሜዳ 113 ራን አስመዝግቧል። ከዌስት ኢንዲስ ተጫዋቾች እንግሊዝ ምድር ላይ መቶ የደረሰ የመጀመሪያው ሰው ነው። የእናቱ ወንድም ቪክቶር ፓስካልም እንዲሁ ታዋቂ ተጫዋች ነበር።

ሊሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ፖርት ኦፍ ስፔን ውስጥ የሕግ ጠበቆች ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ጠበቃ መሆን ይፈልግ ነበር። የዚያን ጊዜዋ ትሪኒዳድ ውስጥ ግን ገንዘብና ዘመድ ለሌለው ጥቁር ልጅ ያ በር ዝግ ነበር። የሰው ሰነድ እየገለበጠ ዕድሜውን እንደሚጨርስ ገባው። ስለዚህ ክሪኬቱን እንደ መውጫ በር ያዘው። ቅጥር ተጫዋች የሚፈልጉ ክለቦች እንግሊዝ አገር እንዳሉ ያውቃል። እንዲያዩት ብቻ ነበር የሚፈልገው።

በ1928 አዩት። ዌስት ኢንዲስ ሎርድስ ላይ ከሚድልሴክስ ቡድን ጋር ሲጫወት ነው። ሚድልሴክስ 352 ራን ሰብስቧል። ዌስት ኢንዲስ በ79 ራን አምስት መቺዎቹን አጥቷል። ኮንስታንታይን ገባ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ 86 ራን መታ። ቀጥሎ ኳሷን ይዞ 57 ራን ብቻ ሰጥቶ ሰባት ሰዎች አስወጣ። በሁለተኛው ዙር ቡድኑ እንደገና ሲንገዳገድ እንደገና ገባና በአንድ ሰዓት ውስጥ 103 መታ። አንዷን ኳስ ቀጥታ ሲመልሳት ሄርን የተባለውን ስመ ጥር ወርዋሪ እጁን ሰበረችው፤ ሄርን በዚያ ዓመት ተመልሶ አልተጫወተም። ዌስት ኢንዲስ አሸነፈ። የአገሩ ጋዜጣ ሁሉ ስለ እሱ ጻፈ። ለሦስት ዓመት፣ በየውድድር ዘመኑ 500 ፓውንድ የሚከፍል ውል ያቀረበለት ግን ትልቅ የለንደን ክለብ አይደለም። የኔልሰን ክለብ ነው።

የላንክሻየር ሊግን አሠራር ላስረዳ፤ ያለ እሱ ታሪኩ አይገባም። ሊጉ የተመሠረተው በ1892 ነው። ኔልሰን፣ በርንሊ፣ ኮልን፣ አክሪንግተን፣ ቤከፕ፣ ራምስቦተም፣ ቶድሞርደን፤ ትንንሽ የፋብሪካ ከተሞች ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የአውቶቡስ መንገድ ነው። እያንዳንዱ ክለብ መቅጠር የሚችለው አንድ ባለሙያ ብቻ ነው። የቀሩት አሥሩ ሳምንቱን ሙሉ ፋብሪካና ሱቅ የሚሠሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሚጫወቱ የከተማው ልጆች ናቸው። ጨዋታው በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የተቀጠረው ሰው ቀን ከጎደለበት የሚሸሸግበት የለም። ማክሰኞ ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ባለሱቁ፣ «ቅዳሜ ምን ሆንክ?» ይለዋል።

አንድ የሚያምር ልማድም አላቸው። መቺው 50 ራን ከደረሰ ተመልካቹ መሐል ሣጥን ይዞራል። ሕዝቡ ሳንቲሙን ይጥላል። ገንዘቡ የተጫዋቹ ነው። እስቲ ያንን ዘመን አስቡት። የ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። የጥጥ ገበያ ወድቋል። ፋብሪካዎች እየተዘጉ ነው። ሥራ ያጣ ሰው ብዙ ነው። ያ ሰው ነው ኪሱን ዳብሶ ሳንቲሟን የሚጥለው፤ ያውም ከሩቅ አገር ለመጣ፣ ከእሱ ብዙ እጥፍ ለሚከፈለው ጥቁር ተጫዋች። ግዴታ የለበትም። ደስ ብሎት ነው። ለእኔ ከሎርድነቱ በላይ የሚያስገርመኝ ይህ ሣጥን ነው።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። ሲደርስ ኔልሰን ውስጥ ጥቁር ሰው የለም ማለት ይቻላል። ልጆች መስኮት ላይ ተንጠልጥለው ያዩት ነበር። መንገድ ላይ አስቁመው፣ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ውስጥ ትሠራ ነበር ወይ ብለው ይጠይቁታል። የስድብ ደብዳቤም ይደርሰው ነበር። እዚህ አገር በመጣን ሰሞን ሁላችንም የቀመስነው ነገር ነው፣ ልዩነቱ እሱ ብቻውን ነበር። ቤተ ክርስቲያን የለው፣ ማኅበር የለው፣ ቡና አፍልታ የምትጠራው ጎረቤት የለችው።

ተስፋ ቆርጦ ወደ አገሩ ሊመለስ አስቦ ነበር። ያቆመችው ባለቤቱ ኖርማ ናት። የመጣንበትን ሳንፈጽም አንሄድም በሚለው አቋሟ ጸናች። የኖርማ ስም በየንግግሩ አይነሳም። እናቶቻችን ስንት ቤት እንዲህ አድርገው እንዳቆሙ ስለምታውቁ፣ እናንተ ስታወሩ አትዝለሏት። ሴት ልጃቸው ግሎሪያም ከትሪኒዳድ መጥታ ተቀላቀለቻቸው። መሬዲዝ ስትሪት ላይ፣ ቤት ቁጥር 3፣ ተራ የሠራተኛ ሰፈር ውስጥ ገቡ። እስከ 1949 ድረስ፣ ሃያ ዓመት፣ ኔልሰንን አልለቀቁም። ዛሬ ቤቱ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ።

ሜዳ ላይስ? በዘጠኝ የውድድር ዘመን ኔልሰን ሰባት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። የቀሩትን ሁለቱን ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። ከሁለተኛ በታች ወርዶ አያውቅም። ኮንስታንታይን በነዚያ ዓመታት ለክለቡ 6,673 ራን መታ፣ 776 ዊኬት ወሰደ። በ1933 በአንድ የውድድር ዘመን ከ1,000 ራን በላይ አስመዘገበ፤ በዚያው ዓመት 96 ዊኬት አክሎበት። በ1934 አክሪንግተን ላይ ያደረገውን ለክሪኬት አዋቂ ብትነግሩት ደግሞ አያምንም። አሥሩንም መቺዎች ብቻውን አስወጣ፣ ለዚያ ሁሉ የሰጠው ራን 10 ነው። በመጨረሻው ዓመቱ፣ በ1937፣ ኢስት ላንክሻየር ላይ 192 መታ። ዕድሜው 36 ሊሞላ ነው።

እሱ በሚመጣበት ቀን የተጋጣሚው ሜዳም ይሞላ ነበር። ስለዚህ የኔልሰን ባላንጣዎችም ይወዱታል። ይሸነፋሉ፤ ካዝናቸው ግን ይሞላል።

ቁጥሩ ግን ሰውየውን ሙሉ በሙሉ አያሳይም። ሲመጣ ፈጣን ወርዋሪ ነበር፣ ሮጦ መጥቶ በጉልበት የሚለቅ። ሲመታም ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድ ዓይነት ድፍረት ነበረው። ያ ለአንድ ቀን ትርኢት ይሆናል፤ ለዘጠኝ ዓመት ቅዳሜዎች ግን አይሆንም። ክለቡ እንደሚደገፍበት ሲያይ አመታቱን ማረም ጀመረ። የትኛዋን ኳስ መተው እንዳለበት ተማረ። ዕድሜው ሲገፋ ፍጥነቱን ቀንሶ ዝግ ያሉ፣ አየር ላይ የሚያታልሉ፣ መሬት ነክተው የሚጠማዘዙ ኳሶችን መወርወር ለመደ። በሠላሳዎቹ ዕድሜ እንደ አዲስ ተማሪ ሆነ። አብረውት የሚጫወቱትን የከተማውን ልጆችም እያሠለጠነ ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት የሚገኘው እያንዳንዷ ቅዳሜ ዋጋ ባላት ቦታ ነው።

ስለዚህ ነው አንዳንድ ሰዎች የአገር ለአገር ውድድር ቁጥሩን ብቻ አይተው ሲመዝኑት የማልስማማው። ለዌስት ኢንዲስ ቴስት በሚባሉት የአገር ለአገር ግጥሚያዎች 18 ጊዜ ተሰልፎ 635 ራንና 58 ዊኬት አለው። የሚያስደንቅ አይመስልም። ዌስት ኢንዲስ በ1930 ጆርጅታውን ላይ የመጀመሪያውን የቴስት ድል ሲያገኝ ዘጠኝ ዊኬት የወሰደው ግን እሱ ነው። ደግሞም ምርጥ ዓመታቱን የገዛው ክለቡ ነበር። በ1933 ዌስት ኢንዲስ እንግሊዝ መጥቶ ሦስት የቴስት ግጥሚያ ሲያደርግ ኔልሰን የለቀቀው ለአንዱ ብቻ ነው። ይህ ያሳዝነኛል። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ከአገሩ ማሊያና ከደሞዙ መሐል ሲቆም ምን እንደሚሰማው ለእናንተ አልነግራችሁም።

አሁን እኛን በቀጥታ ወደሚመለከተው ልምጣ።

በ1932 ሲ.ኤል.አር. ጄምስ የሚባል የትሪኒዳድ መምህርና ደራሲ መርከብ ተሳፍሮ እንግሊዝ ገባ። ኮንስታንታይን ኔልሰን ወዳለው ቤቱ ወሰደው። አብልቶ አጠጥቶ አኖረው። የጄምስ የመጀመሪያ የፖለቲካ ጽሑፍ እንዲታተም ገንዘብ ረዳ። ጄምስ በበኩሉ ኮንስታንታይን የሕይወት ታሪኩን እንዲጽፍ አገዘው። ማታ ማታ ሁለቱ የሚያወሩት ስለ አገራቸው ነፃነት ነበር። ኮንስታንታይን በአካባቢው ከተሞች እየተጋበዘ ስለ ዌስት ኢንዲስ ሕዝብ ንግግር ያደርግ ጀመር። ክሪኬት ሊያይ የመጣ ሸማኔ ስለ ቅኝ ግዛት ሰምቶ ተመለሰ።

ጄምስ ከዚያ ወደ ለንደን ሄደ። በ1935 ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ፣ ለንደን ላይ የአቢሲኒያ ወዳጆች ዓለም አቀፍ የአፍሪካውያን ማኅበር ሲቋቋም ሊቀ መንበሩ ይኸው ጄምስ ነው። አብረውት የጥቁሮች መብት ታጋዮቹ ኤሚ አሽዉድ ጋርቬይና ጆርጅ ፓድሞር፣ ኋላም የኬንያ መሪ የሆነው ጆሞ ኬንያታ ነበሩ። አደባባይ ወጥተው ስለ ኢትዮጵያ ጮኹ። በዚያን ጊዜ የለንደን ሚኒስትራችን (የመንግሥታችን ተወካይ) ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። ጄምስ በኢትዮጵያ ጦር ውስጥ ገብቶ ለመዋጋት ራሱን ማቅረቡን ጽፏል።

ኮንስታንታይን ያንን ማኅበር መሠረተ እያልኩ አይደለም። ጄምስን እንግሊዝ ውስጥ በእግሩ ያቆመው ግን የኔልሰኑ ቤትና የኔልሰኑ ደሞዝ ነው። ሳጥን ውስጥ የወደቀችው የሸማኔ ሳንቲምም ከዚያ ውስጥ አለችበት። በክፉ ቀናችን ከጮኹልን ሰዎች አንዱ ያደረው እዚያ ቤት ነው። ይህን ልጆቻችን ቢያውቁ ምን ይላሉ? እኔ ለልጄ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ፣ «ቤቱ አሁንም አለ?» ብሎ ነው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል፤ መጻሕፍቱ ላይ ሞልቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሊቨርፑል እየሠራ ከዌስት ኢንዲስ የመጡ ሠራተኞችን ጉዳይ የሚከታተል የመንግሥት ሹም ሆነ። በ1943 ለሎርድስ ጨዋታ ለንደን ሲሄድ አስቀድሞ የተያዘለት ኢምፔሪያል ሆቴል፣ ነጭ አሜሪካውያን ወታደሮች ቅር ይላቸዋል በሚል ከለከለው። ከሰሰ። በ1944 ረታ። የተፈረደለት ገንዘብ 5 ጊኒ (አምስት ፓውንድ ከሩብ) ብቻ ነው፤ ፍርዱ ግን በሕግ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ኔልሰን ሆኖ የጀመረውን የሕግ ትምህርት ዕድሜው ሃምሳ ካለፈ በኋላ፣ በ1954፣ ጨርሶ ጠበቃ ሆነ። በወጣትነቱ የተዘጋበት በር መሆኑን አትርሱ። አገሩ ተመልሶ ሚኒስትር ሆነ። በ1963 በለንደን የትሪኒዳድና ቶቤጎ ከፍተኛ ኮሚሽነር (እንደ አምባሳደር ማለት ነው) ሳለ የብሪስቶል አውቶቡስ ድርጅት ጥቁሮችን አልቀጥርም ሲል ጣልቃ ገብቶ ተከራከረ። በዚያው ዓመት ኔልሰን የክብር ዜግነቷን ሰጠችው። ሎርድ ሲሆን የመረጠው ማዕረግ ሁለት ቦታ ይጠራል። አንዱ ያደገበት ማራቫል ነው። ሁለተኛው ኔልሰን። በ1971 ሲያርፍ ትሪኒዳድ በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ቀበረችው።

እንግዲህ ልመናዬ ሁለት ነው።

አንደኛው ቀላል ነው። በኦክቶበሩ ዝግጅት ላይ ፎቶውን ስቀሉ። ታሪኩን አንድ ልጅ በአማርኛ፣ አንድ ልጅ በእንግሊዝኛ ያንብብ። ሎርድነቱ በመጨረሻ ይምጣ። ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ኖርማ፣ ስለ አክሪንግተኑ 10 ለ10፣ ስለ ጄምስ ይወራ። ማንቸስተር፣ ሊድስና ሼፊልድ ያላችሁ ደግሞ ኔልሰን ሩቅ አይደለችም። ለበጋ ሽርሽር ብላክፑል ከመሄድ አንድ ቅዳሜ ለዚህ ስጡ። ሲድሂል የሚባለው የክለቡ ሜዳ አሁንም እዚያው አለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወቱበታል። ከሜዳው እስከ መሬዲዝ ስትሪት ልጆች ይዞ በእግር መሄድ ይቻላል።

ሁለተኛው ትንሽ ይከብዳል። ልጆቻችሁን ወደ ሰፈራችሁ የክሪኬት ክለብ ውሰዱ።

ልጆቻችን እግር ኳስ ይጫወታሉ፣ ሩጫ ይሮጣሉ። ግሩም ነው። ክሪኬት ግን የፓኪስታኖች፣ የሕንዶችና የእንግሊዞች ነው ብለን ትተነዋል። አጥሩን ታክከን እናልፋለን። የእኔ ልጅ የገባው አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛው ስለጎተተው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ስወስደው ያየሁትን ልንገራችሁ። ከትንሽ የእንጨት ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች የውጤት መዝገብ ይዘው ይቀመጣሉ። እያንዳንዷ የተወረወረች ኳስ ትጻፋለች። ምንም ካልተገኘባት ነጥብ ይደረግላታል። አንዲት አሮጊት መዝጋቢ አሉ። የልጄን ስም ጠየቁት፣ ፊደል በፊደል አስነገሩት፣ መዝገቡ ላይ አሳምረው ጻፉት። ከዚያ ያስወጣቸውም ያስቆጠራቸውም በዚያ ስም ሥር እየተጻፉ ሄዱ። ሻይ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ሳንድዊችና ኬክ ተደረደረ። የሚያቀርቡት ወላጆች ናቸው። ተራዬ ሲደርስ ሳምቡሳ ይዤ ሄድኩ። አንድም አልተረፈም። ለዓመታት በዚያ ሰፈር ኖሬ ስማቸውን የማላውቃቸውን ጎረቤቶች የተዋወቅሁት እዚያ ነው።

ሁሉ ሰላም ነው ብዬ አላታልላችሁም። በ2023 ስለ እንግሊዝ ክሪኬት የወጣው የገለልተኛ ኮሚሽን ሪፖርት ዘረኝነት፣ የሴቶች መገለልና የመደብ ልዩነት በስፖርቱ ውስጥ ተስፋፍተው እንደሚገኙ በግልጽ ጽፏል። የጥቁር ተጫዋቾች ቁጥርም ከቀድሞው በጣም አሽቆልቁሏል። ይህን ለመለወጥ ኤስ (ACE) የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት በ2020 ለንደን ላይ ተነስቶ ወደ በርሚንግሃም፣ ብሪስቶልና ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል። በተለይ የአፍሪካና የካሪቢያን ተወላጅ ልጆችን ነው የሚፈልገው። የእኛ ልጆች በትክክል ይመለከታቸዋል። ከማኅበሮቻችን ደብዳቤ ቢደርሳቸው ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ልጃችሁ ላይ ክፉ ቃል የተናገረ ካለ ደግሞ የክለቡን የልጆች ደኅንነት ኃላፊ ስም ጠይቃችሁ በጽሑፍ አቅርቡ። ዝም ብላችሁ ልጁን ከክለቡ አታውጡ። ኮንስታንታይን ከሆቴሉ ጋር የተሟገተው ለአንድ ሌሊት አልጋ ብሎ አልነበረም።

«ትምህርቱን ያስተጓጉልበታል» የምትሉ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል፤ ለዚህ ለዚህ ነው የተሰደድነው። ልምምዱ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ማታ ነው፣ ጨዋታው ደግሞ አንድ ቀን። ወጪውን የምትፈሩ ካላችሁ ክለቡን ጠይቁ። አብዛኞቹ ለጀማሪ ልጅ መምቻውንም የእግር መከላከያውንም ያውሳሉ። የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ከጨዋታው ጋር እንዳይጋጭ፣ መምህራን ሰዓቱን ትንሽ ብታስቀድሙ ችግሩ ይፈታል። ይህን በቅርብ ከመምህራኑ ጋር ተነጋግረንበታል፤ በእኛ ከተማ ተችሏል።

ማኅበራችሁ ፈቃደኛ ከሆነ የኮንስታንታይንን ታሪክ ለልጆች በሚሆን ቀላል አማርኛ አዘጋጅቼ እልካለሁ። ኔልሰን ለሚሄድ ቡድንም ከክለቡ ሰዎች ጋር ተነጋግሬ ቀን አስይዛለሁ። የልጆች ልምምድ በብዙ ክለቦች ሜይ ላይ ስለሚጀምር፣ ምዝገባው ከፋሲካ በዓል በፊት ቢያልቅ ይመረጣል። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰሜን እንግሊዝ የሚኖር አንድ አባት